በዊልቸር የትልልቆቹን ዛፎች ጫካ አይቶ፣ እዚያው ድንኳን ውስጥ ያደረ ሰው አለ?

ሰፊው ዘአራዳ (ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር አራዳ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። በአራት ዓመቴ ልምሻ መትቶኝ እግሮቼ አይረግጡም፤ ስለዚህ መኪናዬ እንደ ሌሎቹ ሰፊዎች በእግር የሚረገጥ ሳይሆን በእጅ የሚዘወር አሮጌ ሲንጀር ነው። ከአልጋ እስከ ደጅ በክራንች እደርሳለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ዓለም ሁሉ በዊልቸር ነው።

ልጄ ካሊፎርኒያ፣ ሳክራሜንቶ ትኖራለች። ቪዛው ከተሳካ መስቀልን እዚህ አክብሬ እሄዳለሁ። «አባ፣ ምን ላሳይህ?» ስትለኝ «ፎቅ አልፈልግም፣ እነዚያን ዛፎች አሳዪኝ» አልኳት። እሷ ደግሞ ባሰች፤ «እንዲያውም እዚያው ጫካ ውስጥ እናድራለን» አለችኝ።

ዛፍ ለምን እንዳልኩ ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። ልጅ ሳለሁ በጥምቀት ጎረምሶቹ ፋሲል መዋኛ ውስጥ እየዘለሉ ሲንቦጫረቁ አባቴ እኔን ከግንቡ አጠገብ ዛፎቹ ሥር ያስቀምጠኝ ነበር። ሰው ሁሉ ውሃውን ሲያይ እኔ የማየው ሥሩን ነው። ድንጋዩን እንዳቀፈው ቀርቷል፤ ግንቡ ዛፉን ይዞት ይሁን ዛፉ ግንቡን ይዞት አይለይም። አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ ቅርንጫፍ ስቆጥር እውላለሁ። ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ዛፍ አለ ከተባለማ ሳላየው መሞት አልፈልግም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ባለፈው ዓመት ለዘመድ ሠርግ ወደ ሌላ ከተማ ሄጄ ነበር። የምናድርበት ቤት ስልክ ደውለን «ለዊልቸር ይመቻል ወይ?» ብንላቸው «ኧረ በደንብ!» አሉን። ደረስኩ። ደጁ ደረጃ የለውም፣ አልዋሹም። መኝታ ክፍሉም አስገባኝ። የመታጠቢያ ቤቱን በር ስለካው 58 ሳንቲም። የኔ ወንበር ከጎማ እስከ ጎማ 64 ነው። በስድስት ሳንቲም ምክንያት ሌሊቱን እንዴት እንዳነጋሁት አልነግራችሁም። ከዚያን ቀን ወዲህ «ይመቻል» ሲሉኝ አልሰማም። ሱሪ «ልክህ ይሆናል» ተብሎ አይቆረጥም፤ ሜትር ይወጣል።

ስለዚህ የሄዳችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ «ምቹ ነው» አትበሉኝ። መንገዱ አፈር ነው፣ ጠጠር ነው ወይስ ሳንቃ? ዳገቱስ? መጸዳጃው በሩ ስንት ነው? ድንኳን ውስጥ ማደርስ ለኔ ቢጤ ይታሰባል ወይስ ልጄ ደስ ይበለው ብላ ነው? ሰው ጀርባ ላይ ሆኜ ማየት አልፈልግም፣ ያንን በልጅነቴ ጠግቤያለሁ።

ኦክላንድ ነኝ

ጋሼ፣ እንዴት ያለ ጥያቄ ነው ያመጡት። እናቴ ጉልበቷ አልታዘዝ ስላላት በዊልቸር ሦስት ቦታ ወስጃታለሁ። ያየሁትን ልንገርዎት።

መጀመሪያ ዛፎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፣ ሰው ይቀላቅላቸዋል። በባሕሩ ዳር ያለው ሬድዉድ በቁመት ዓለምን ይበልጣል፤ ረጅሙ 116 ሜትር ገደማ ነው። በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ምዕራባዊ ተዳፋት ላይ ያለው ሴኮያ ደግሞ በቁመት ትንሽ ያንሳል፣ በውፍረት ግን አቻ የለውም። እርስዎ ከግንብ ጋር የሚተቃቀፍ ዛፍ ነውና የለመዱት፣ ሴኮያውን ነው የምመክርዎት።

ሬድዉዱን ለማየት ከሳን ፍራንሲስኮ ወጣ ብሎ ሙር ዉድስ አለ። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ሳንቃ የተነጠፈበትም አለው፤ ግን ማደር የለም፣ መኪና ማቆሚያውም አስቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም። ለግማሽ ቀን ጥሩ ነው።

ለእርስዎ የሚሆነው ካላቬራስ ቢግ ትሪስ የሚባለው የግዛቱ ፓርክ ይመስለኛል። አርኖልድ ከምትባል ትንሽ ከተማ አለፍ ብሎ በ4 ቁጥር መንገድ ላይ ነው፤ ከሳክራሜንቶ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሰሜኑ ጫካ ውስጥ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ዞሮ የሚመለስ መንገድ አለ፣ ዊልቸር የሚሄድበት። አጠገቡ ደግሞ ዓይነ ስውራን ገመድ ይዘው በመዳሰስና በማሽተት የሚዞሩበት አጭር መንገድ አለ፤ እናቴን መጀመሪያ ያስገባኋት እዚያ ነበር፣ ለመለማመጃ። የድንኳን መስኩ ከመንገዱ መነሻ ጎን ስለሆነ ጠዋት ከድንኳኑ ወጥተው መኪና ሳያስነሱ ዛፎቹ ጋ ይደርሳሉ። ለአካል ጉዳተኛ የተለዩ ቦታዎችም አሉት። ደቡቡን ጫካ ግን ይተዉት፤ ስምንት ኪሎ ሜትር የእግረኛ መንገድ ነው፣ ለዊልቸር አይሆንም።

ሳልደብቅዎት፣ ሰሜኑ ጫካ ውስጥም አንድ ሁለት ቦታ ትንፋሼ እስኪቆራረጥ ገፍቻለሁ። ከዝናብ በኋላ ነበር፣ መንገዱ ለስልሶ ጎማ ይይዝ ነበር።

እናቴ የመጀመሪያው ትልቅ ዛፍ ሥር ስንደርስ ምን አደረገች መሰለዎት? ምንም ሳትናገር ነጠላዋን አጣፋች። ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደደረሰ ሰው።

ደባርቅ መንገድ

ጎንደር ተቀምጦ ካሊፎርኒያ ዛፍ ፍለጋ? ስሜን ተራሮች አፍንጫችን ሥር አይደለም እንዴ? አስታው፣ ጅብራው፣ ጭላዳ ዝንጀሮው፣ ሁሉ አለ። ለዚያ ሁሉ ብር።

ሰፊው ዘአራዳ

ወንድሜ፣ ስሜንን ሳላይ የቀረሁ መሰለህ? እስከ ሳንቃበር በመኪና፣ ከዚያ በበቅሎ። አላፍርበትም፤ በቅሎ ላይ ሆኜ ያየሁት ገደል እስከ ዛሬ ሕልሜ ላይ ይመጣል። ችግሩ በቅሎዋ ስትቆም እኔም እቆማለሁ፣ ስትሄድ እኔም እሄዳለሁ። ጭላዳ ላይ አንዴ ዓይኔን ስተክል ባለበቅሎው «እንሂድ አባባ፣ ይመሻል» አለኝ። ምርር ነው ያለኝ። ቆም ብዬ ማየት የፈለግሁትን ቆሜ፣ መሄድ የፈለግሁትን በራሴ እጅ ጎማዬን አዙሬ መሄድ ነው የምሻው። ስሜን ላይ እንዲህ ያለ መንገድ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ይሥሩልኝና ዶላሩ ይቅርብኝ።

እህቴ ኦክላንድ፣ እግዜር ይስጥልኝ። «ትንፋሼ እስኪቆራረጥ» ያልሽው ነገር ጠቅሞኛል፤ እንዲህ ነው ሰው የሚነገረው። ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ከሆነ፣ እሱን በራሴ እገፋዋለሁ።

ጽድና ወይራ (የደን ባለሙያ፣ ጎንደር)

ጋሼ፣ እኔ ቦታውን በዓይኔ አላየሁትም፣ ዛፉን ግን በትምህርት አውቀዋለሁ። አንድ ነገር ደስ ይበልዎት፦ ሴኮያ የኛ ጽድ ዘመድ ነው። ሁለቱም አንድ የዕፀዋት ቤተሰብ ውስጥ ናቸው። እዚያ ሲደርሱ ቅጠሉን ልብ ብለው ይዩት፣ እንደ ሚስማር የሾለ ትንንሽ ቅርፊት ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያደገ ሰው እንግድነት አይሰማውም።

ያን ያህል ግዝፈት ይዞ ሥሩ ጥልቅ አይደለም። የጎልማሳው ዛፍ ሥር ሦስት አራት ሜትር ቢወርድ ነው፤ ወደ ጎን ግን ከ30 ሜትር በላይ ይዘረጋል። ሳንቃ የሚያነጥፉትና አጥር የሚያጥሩት ለዚህ ነው፣ ሰው እየመጣ ዙሪያውን ሲረግጠው አፈሩ ይጠጥርና ሥሩ ውሃ ያጣል። እንግዲህ ለዛፉ ተብሎ የተነጠፈው ሳንቃ ለእርስዎም ጎማ ሆነልዎት ማለት ነው።

የግንዱ ቅርፊት እስከ 60 ሳንቲም ይወፍራል፣ እሳት ቶሎ አይበግረውም። እንዲያውም ፍሬው ተከፍቶ ዘሩን በብዛት የሚያራግፈው የእሳት ሙቀት ሲያገኘው ነው። ዘሩ የጤፍ ዘመድ ቢመስልዎት አይፈረድብዎትም፣ ግማሽ ሳንቲም አይሞላም። በቅርብ ዓመታት ግን እሳቱ ከልክ አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 በሺህ የሚቆጠሩ ትልልቅ ሴኮያዎች ሞተዋል። በ2021 ትልቁን ዛፍ ከእሳቱ ለመጠበቅ ግንዱን ከታች በአሉሚኒየም ጨርቅ ጠቅልለውት ነበር።

ካላቬራስ ከሄዱ ደግሞ ጉቶውን ሳያዩ እንዳይመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1853 ነው ለትርኢት ብለው የጣሉት። የሚበቃው መጋዝ ስላልነበረ አምስት ሰዎች 22 ቀን በመሰርሰሪያ በሱት። ጉቶው ወደ ጎን ሰባት ሜትር ያልፋል፣ ላዩ ላይ ጨፍረውበታል። ቀለበቱ ሲቆጠር 1,244 ዓመት ወጣ። ዛፉ የተጣለበት ዓመት እኮ የኛው የቋራው ካሳ አይሻል ላይ ራስ አሊን ያሸነፈበት ነው! አስቡት፣ አንዱ ወደ ዙፋን ሲገሠግሥ አንዱ እዚያ ሲጋደም።

በማግሥቱ ዓመት ደግሞ «የጫካው እናት» ያሉትን ሌላ ዛፍ ቅርፊቱን እስከ 35 ሜትር ከፍታ ድረስ ገፈው ወሰዱት። ኒው ዮርክ፣ ከዚያም ለንደን ወስደው ቁርጥራጩን መልሰው ገጣጥመው ለሰው አሳዩበት። ዛፉ ሞተ። ደረቁ ግንዱ አሁንም እዚያው ቆሟል።

ሰፊው ዘአራዳ

ልጄ፣ ይሄ የመጨረሻው ሆዴን በላው። ልብሱን ገፈው፣ ቆርጠው፣ ባሕር አሻግረው መልሰው ገጣጠሙት? ሠላሳ ዓመት ስሰፋ እንዲህ ያለ ስፌት ሰምቼ አላውቅም።

ትልቁ ዛፍ ያልከው የትኛው ነው? ልኩስ?

ጽድና ወይራ

ጄኔራል ሸርማን ይሉታል፣ ሴኮያ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው፤ ካላቬራስ አይደለም። ቁመቱ 83.8 ሜትር፣ ወገቡ መሬቱ ላይ 31.1 ሜትር። በግዝፈት ማለትም በግንዱ ይዘት ከዓለም አንደኛ የሚባለው እሱ ነው። ዕድሜው ከ2,000 ዓመት በላይ ይገመታል።

የሚገርምዎት፣ የቆመበት ከፍታ 2,100 ሜትር ገደማ ነው፤ ከጎንደር ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ትንፋሽ ያጥረኛል ብለው አይስጉ። ካላቬራስ ደግሞ ከኛ ዝቅ ይላል።

ሰፊው ዘአራዳ

የኔ ሜትር 150 ሳንቲም ናት። 31.1 ለማዳረስ ሃያ አንድ ጊዜ መዘርጋት ማለት ነው። ከጎንደር ደንበኞቼ ወገቡ የሰፋው እንኳ አንዴ ዞራው ትተርፋለች።

የዴንቨሩ መሐንዲስ

ጋሽዬ፣ ሜትር ይወዳሉና ሜትር ላምጣልዎት። ሥራዬ የእግረኛ መንገድና ራምፕ (በደረጃ ፈንታ የሚሠራ ተዳፋት መወጣጫ) ነው።

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት መሬት ላይ ለሚሠራ የጫካ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ደንብ አለ። የመንገዱ ስፋት ከ91 ሳንቲም ማነስ የለበትም። ዳገቱ በ100 ሜትር 5 ሜትር ከሆነ እንደልብ ይረዝማል። ከዚያ ሲበልጥ ርዝመቱ ይገደባል፤ እስከ 8.33 በመቶ ከሆነ ቢበዛ 61 ሜትር፣ እስከ 10 በመቶ ከሆነ 9 ሜትር፣ እስከ 12 በመቶ ከሆነ 3 ሜትር ብቻ፣ ከዚያ ማረፊያ ሜዳ መኖር አለበት። የድንኳን ቦታው ላይ ያለው ጠረጴዛ ጉልበትዎ እንዲገባ ከሥሩ 68.5 ሳንቲም ክፍት ይሆናል። እሳት ማንደጃው ቀለበት ውስጡ ከመሬት 23 ሳንቲም ከፍ ይላል፣ ጎንበስ ብለው እንዳይወድቁ። ዙሪያውም 122 ሳንቲም ክፍት ነው።

ካላቬራስ የካሊፎርኒያ ግዛት ስለሆነ የራሱ መመሪያ አለው፤ መጸዳጃው ላይ ግን ልኩ ያው ነው። በሩ ሲከፈት 81 ሳንቲም ንጹሕ ክፍተት፣ መቀመጫው ከ43 እስከ 48 ከፍታ፣ ወንበር ማዞሪያው 152። የእርስዎ 64 ሲገባ ከግራና ከቀኝ ስምንት ስምንት ሳንቲም ይተርፋል።

ማስጠንቀቂያዬ አንድ ነው። ይህ ሁሉ አዲስ ለተሠራ ወይም ለታደሰ ነው። አሮጌ ሆኖ ስሙ ብቻ «ለአካል ጉዳተኛ» የሚባልም አይጠፋም። ልጅዎ ፓርኩ ጋ ደውላ በቦታው ቁጥር ትጠይቅ።

ሰፊው ዘአራዳ

ይባርክህ። ይህን ገልብጬ ከሱቄ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። አንድ ደንበኛዬ አነበበና «እኛም አገር እኮ አዋጅ አለ፣ የሕንፃ አዋጅ» አለኝ። አውቀዋለሁ አልኩት። አዋጁን አይቼዋለሁ፣ በሩን ነው ያላየሁት።

መቀመጫው 43 እስከ 48 ያልከው ለኔ ከሁሉ ይበልጣል። የዊልቸሬ መቀመጫ 49 ነው፤ በክንዴ ተደግፌ ልሻገር እችላለሁ። ይህንን ማንም ጤነኛ ሰው አይጠይቅልኝም፣ ሁሉም ስለ ራምፕ ነው የሚያወራው።

አሁን የቀረችው ሌሊቷ ናት። ድብ አለ ይላሉ። ልጄ ደግሞ ጀበና ይዘን እንሄዳለን እያለች ነው።

ኦክላንድ ነኝ

ድብ አለ፣ ጥቁሩ ብቻ ነው። ትልቁ ግሪዝሊ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካለቀ መቶ ዓመት ሆነው። ጥቁሩ ሰው አይፈልግም፣ ሽታ ነው የሚፈልገው። እያንዳንዱ ቦታ ላይ የብረት ሣጥን አለ፣ የሚሸት ነገር ሁሉ እዚያ ይቆለፋል። ምግብ ብቻ አይደለም፤ ሳሙናው፣ የጥርስ ሳሙናው፣ ቅባቱ ሁሉ። ልጅዎ ከጎንደር የመጣ ቅቤና በርበሬ መኪና ውስጥ ትታ እንዳታድር! የኛ ምጥን ሽሮ ስንት ማይል እንደሚጠራ ድቡ ነው የሚያውቀው።

ቡናው ይቻላል፣ በከሰል ግን አይሁን። መስከረምና ጥቅምት የእሳት ወቅት ነው፤ እሳት ማንደድ የሚከለከልበት ቀን ብዙ ነው። በዚያን ጊዜም ቢሆን ትንሽ የጋዝ ምድጃ አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል፤ እኛ በሱ ነው ያፈላነው። ዕጣኑን ትተነው ነበር። እናቴ እስከ ዛሬ «ቡናው ጎዶሎ ነበር» ትላለች።

ልብስዎን በደንብ ይያዙ፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። አልጋ ነገር፦ ታጥፎ የሚዘረጋ የካምፕ አልጋ ቁመቱን ከወንበርዎ ጋር የሚመጣጠን አድርጋ ትግዛ፤ መሬት ላይ ፍራሽ ከተነጠፈ መነሣቱ ነው ፈተናው። እናቴን ሁለት ሆነን ነው ያነሣናት፣ እየሳቅን ግን ወገባችን ተቆርጦ።

ሁለት ነገር ሳልረሳ። የካላቬራስ ማደሪያ የሚያዘው ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ነው፤ አሁን መጋቢት ስለሆነ ጊዜው ልክ ነው፣ ለአካል ጉዳተኛ የተለየውን መርጣ ትያዝ። ሌላው፣ መኪናው መስተዋት ላይ የሚንጠለጠለው የአካል ጉዳተኛ ካርድ ነው። ለእንግዳም እስከ 90 ቀን የሚሰጥ አለ፤ የሐኪም ማረጋገጫ ይፈልጋል። ሸርማንን ማየት ከፈለጉ ያ ካርድ ነው ቁልፉ። የሕዝቡ መኪና ማቆሚያ ላይ ካቆማችሁ ወደ ዛፉ የሚወርደው መንገድ ደረጃ አለው፤ ካርድ ላለው ግን ከዋናው መንገድ ዳር ትንሽ ማቆሚያ አለ፣ ከዚያ ደረጃ የለውም። ይህን ሳናውቅ ሄደን ደረጃው አናት ላይ አንድ ሰዓት ተከራክረናል። እዚያው ፓርክ ውስጥ ቢግ ትሪስ ትሬይል የሚሉት፣ ሣራማ ሜዳ የሚዞር አስፋልትና ሳንቃ መንገድ ደግሞ አለ፤ ለእርስዎ ክንድ እሱ ሽርሽር ነው። መንገዱ ሩቅና ጠመዝማዛ ስለሆነ ግን ሸርማንን ለሁለተኛ ጉዞ ያቆዩት።

ደባርቅ መንገድ

ጋሼ፣ ቅድም የተናገርኩትን ይቅርታ። በቅሎዋ ላይ ያሉት ነገር ሲከነክነኝ አደረ። እኔም ባለበቅሎ ነኝ።

ሰፊው ዘአራዳ

ይቅርታ አያስፈልግም፣ በቅሎህን ቀስ አድርገህ ንዳልኝ እንጂ።

ለሁላችሁም ወሬ ላድርሳችሁ። ልጄ ደወለች። የተቀበላት ሰው እንደ መሐንዲሱ ምክር በቦታው ቁጥር ስትጠይቀው «ቆዪኝ» ብሎ ሄደና ከሰዓት በኋላ መልሶ ደወለላት። ሄዶ ለክቶ ነው! የመጸዳጃውን በር፣ የጠረጴዛውን ሥር፣ ከድንኳኑ ቦታ እስከ መንገዱ ያለውን ሁሉ። የነገራትን ቁጥር ጻፍኩት፤ በሩ ከ64 ይበልጣል፣ ይበቃኛል። ያንን ሰውዬ አላውቀውም፤ ካገኘሁት ግን ሱሪ እሰፋለታለሁ።

ሁለት ሌሊት ይዘናል፣ ካላቬራስ፣ ሰሜኑ ጫካ ጎን። ቪዛው ይሁንልኝ ብቻ። አንድ ጥያቄ ቀርታኛለች፦ ሜትሬን ኪሴ ውስጥ ይዤ አውሮፕላን ላይ ያሳፍሩኛል?

ኦክላንድ ነኝ

ሜትሩን ማንም አይነካዎትም ጋሼ። የስፌት መቀሱን ግን የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይክተቱት።